ብረቱ መጣ፣ ሹፌሩ ቀረ

ቃሊቲ ሲባል አዲስ አበቤ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ወህኒ ቤቱ ነው። ቀጥሎ ጉምሩኩ፣ ቀጥሎ የተሳቢ መኪኖች ሰልፍ። አቃቂ ሲባል ደግሞ ፋብሪካ። እኛ ዛሬ ከአቃቂ ቃሊቲ ብዙም ሳንርቅ ስለ ሌላ ዓይነት ሹፌር እናወራለን፤ መንጃ ፈቃድ ስለማይጠየቀው፣ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ስለሚሾፍረው። የሰፈራችን ቴክኒሻኖች በፈረንጅኛው «ድራይቨር» ይሉታል።

ነገሩ ሲያዩት ተራ ነው። አንድ ወጣት ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ይገዛል፤ ለሠርግ ቪዲዮ ማቀናበሪያ፣ ለሕንፃ ዲዛይን ወይም እንዲያው ለጌም። ካርዱ ይሰካል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑም ይበራል። ነገር ግን ጽሑፉ ጎልቶ፣ ሥዕሉ ፈዞ፣ ቪዲዮው እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። ዲቫይስ ማናጀር ሲከፈት ከካርዱ ስም አጠገብ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ተለጥፏል፣ ከውስጡም «ኮድ 43» የሚል ቃል ይነበባል። ሻጩ «እኔ ጋ ይሠራ ነበር» ይላል። ገዢው «ተበላሁ» ይላል። የሚገርመው ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን መሆኑ ነው።

ሁለቱም እንዴት እውነታቸውን ሊሆን ይችላል? መልሱ ያለው ብረቱ ላይ ሳይሆን ታሪኩ ላይ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ብለን ካልጻፍን በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ብረትና ቋንቋ

አቃቂ ውስጥ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አንድ የመለዋወጫ ዕቃና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ ተቋቁሞ ነበር። በኋላ ስሙ ወደ አቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ተለወጠ። ፋብሪካው የቆመበት ሐሳብ ቀላልና ትልቅ ነበር፦ የማሽን ጥርስ በተሰበረ ቁጥር ወደ ውጭ አገር ከምንጽፍ፣ ልኩን ወስደን እዚሁ እናቅልጠው፣ እዚሁ እንቅረጸው። ብረት ለዚህ ይመቻል። የተሰበረው ጥርስ ራሱ ልኩን ይናገራልና የሠሪውን ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም።

ድራይቨር ግን ብረት አይደለም፤ አስተርጓሚ ነው። ዊንዶውስ «ይህን መስኮት ሳልልኝ» ይላል። ካርዱ ዊንዶውስ የሚናገረውን አይሰማም፤ የሚሰማው የራሱን ቋንቋ ብቻ ነው። በመካከል ቆሞ ቃል በቃል የሚያስተረጉመው ድራይቨሩ ነው። አስተርጓሚው ከሌለ ካርዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዲዳ ይሆናል። ካርዱን ፈትተን፣ በአጉሊ መነጽር አይተን፣ የመዳብ መስመሩን ቆጥረን ቋንቋውን ልናውቅ አንችልም። ቋንቋውን የሚያውቀው ሠሪው ነው። እሱ ይናገራል ወይ? የታሪኩ ሁሉ እምብርት ይህች ጥያቄ ናት።

ቋንቋው ክፍት የነበረበት ዘመን

በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ስክሪን የሚያበሩ ሁለት ዓይነት ካርዶች ነበሩት። በ1984 ኢጂኤ፣ በ1987 ቪጂኤ ተከተሉ። አይቢኤም ስለ እነዚህ ካርዶች የቴክኒክ መጽሐፍ አሳትሞ ይሸጥ ነበር። የትኛው ቁጥር የት ሲጻፍ የትኛው ነጥብ እንደሚበራ ማንበብ የፈለገ ማንበብ ይችል ነበር። በዚህም ምክንያት ሌሎች ኩባንያዎች ቪጂኤን ቀድተው ሠሩት፤ ቪጂኤም የዓለም የጋራ ቋንቋ ሆነ።

ይህ ለእኛ ምን ጠቀመን? ፊደላችንን ሰጠን።

ያኔ በዶስ ዘመን የግዕዝ ፊደል ካርዱ ውስጥ አልነበረም። ካርዱ ይዞ የተወለደው የላቲን ፊደል ነው። ነገር ግን ኢጂኤና ቪጂኤ በውስጣቸው ያለውን የፊደል ቅርጽ አውጥቶ በሌላ መተካት ይፈቅዱ ነበር። መተኪያው 256 ቦታ ያለው ሰንጠረዥ ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፦ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231። ዲቃሎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ 256 ያልፋል፤ ለላቲኑ አንድም ወንበር አይተርፍም። ስለዚህ የዘመኑ ሰዎች ሁለት ምርጫ ነበራቸው፦ ፊደሉን ቆራርጦ ማጠጋጋት ወይም የጽሑፉን መንገድ ትቶ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሥዕል በነጥብ መሳል።

አሜሪካ የነበሩት ፍሥሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ ስም፣ እዚህ ደግሞ የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ብሔራዊ የኮምፒውተር ማዕከል «አጋፋሪ» ባለው ሶፍትዌሩ፣ ሌሎችም በየፊናቸው፣ ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ አወጡት። ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ የምናወራው እንደ ፊደል ታሪክ ነው። የካርድ ታሪክም መሆኑ ግን ይረሳል። ስክሪኑ አማርኛ እንዲናገር ማድረግ የተቻለው የስክሪኑ ካርድ ቋንቋ በመጽሐፍ ተጽፎ ስለተገኘ ነው። ማንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ አንብቦ ሠራ።

የዚያ ዘመን ውለታ ዛሬም አላለቀም። ድራይቨሩ የጠፋበት ካርድ ጭራሽ አይጨልምም። ፈዝዞም ቢሆን ሥዕል ያሳያል፤ ካርዱ ራሱ ላይ በተጻፈ መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ዊንዶውስም «መሠረታዊ» በሚለው የራሱ ድራይቨር። ይህ የጋራ ቋንቋ ቅሪት ነው። ለምርመራም ይጠቅማል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ቋንቋው ምስጢር ሲሆን

በ1990ዎቹ አጋማሽ ነገሩ ተለወጠ። በ1995 ዊንዶውስ 95 «ሰክተህ ተጠቀም» የሚለውን ተስፋ ይዞ መጣ። በ1996 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ ቩዱ የተባለውን ባለ ሦስት አውታር ሥዕል ካርድ ለገበያ አቀረበ። ኤንቪዲያና ኤቲአይ በውድድሩ ገቡ። ከእንግዲህ ካርዱ ነጥብ የሚያበራ ሎሌ ብቻ መሆኑ ቀረና ራሱን የቻለ አስሊ ማሽን ሆነ። ቋንቋውም የንግድ ምስጢር ሆነ። መጽሐፉ ቀረ፤ በምትኩ ካርቶኑ ውስጥ አንድ ሲዲ ይጨመር ጀመር። ሲዲው ላይ ድራይቨሩ አለ። «ውሰድ፣ ጫን፣ ውስጡን ግን አትጠይቅ» ማለት ነው።

ውሎ አድሮ የመጀመሪያዎቹ ወላጅ አልባዎች ተፈጠሩ። ስሪዲኤፍኤክስ ከሰረና በ2000 መጨረሻ ንብረቱን ለተፎካካሪው ለኤንቪዲያ ሸጠ። ድራይቨር የሚጽፍለት ቀረ። በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጤነኛ የቩዱ ካርዶች አስተርጓሚ አጡ። ከብረታቸው አንድ ነገር አልተሰበረም። አንዳንድ አፍቃሪዎች ቁጭ ብለው የራሳቸውን ድራይቨር እስከ መጻፍ ደርሰዋል።

ከዚያ 2007 መጣ። ይህ ዓመት ለእኛ ልዩ ነው፤ በመስከረሙ 2000 ዓ.ም.ን ስንቀበል የሚሊኒየም ዘፈን ያልሰማ የለም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ ወጣ። ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ከነአማርኛ ኪቦርዱ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ዊንዶውስ ነው። ዩኒኮድ በ1999 ፊደላችንን በመዝገቡ ካሰፈረ ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ምንም ሳይጭኑ አማርኛ መጻፍ ተቻለ። ደስ ይላል።

ግን ያው ቪስታ የግራፊክስ ድራይቨርን አሠራር ከሥሩ ለወጠው። ለኤክስፒ የተጻፈው ድራይቨር የቪስታን አዲስ መልክ መሸከም አልቻለም። በ64 ቢቱ ቪስታ ላይ ደግሞ ዲጂታል ፊርማ የሌለው ድራይቨር እንዳይገባ ተከለከለ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንኳ ተደናበሩ። በኋላ አሜሪካ ውስጥ በማይክሮሶፍት ላይ በተመሠረተ ክስ ይፋ በወጣ ሰነድ፣ በ2007 ከተመዘገቡት የቪስታ ብልሽቶች 28.8 በመቶው ከኤንቪዲያ ድራይቨሮች ጋር የተያያዙ ነበሩ። አዲስ ካርድ የገዛው ፈረንጅ ይህን ካየ፣ አሮጌ ካርድ የያዘው አበሻ ምን ይበል? ቪስታ በአንድ እጁ ፊደላችንን ሰጠን፤ በሌላው እጁ ካርዳችንን ቀማን።

አቃቂ የደረሱት

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በ2000ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ኮምፒውተር የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ የተማረው ባገለገለ ማሽን ነው። ከውጭ በእርዳታ የመጣ፣ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ፣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የከተተው። ማሽኑ ይመጣል፤ ካርቶኑና ሲዲው ግን አውሮፓ ወይም አሜሪካ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ቀርተዋል። ብረቱ መጣ፣ ሹፌሩ ቀረ ያልነው ይህንን ነው። ኢንተርኔቱ ደግሞ በስልክ መስመር ስለነበር ብዙ ሜጋባይት የሚመዝን ድራይቨር ማውረድ የሌሊት ሥራ ነበር። ለዚህ ነው ድራይቨር በሲዲ፣ በኋላም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ሸቀጥ የሆነው። ከሩሲያ የመጣው ድራይቨርፓክ የተባለው ጥቅል በየቴክኒሻኑ ሃርድ ዲስክ ላይ የተገኘውም ስለዚህ ነው። የሚፈለገውን ድራይቨር ይጭናል፤ አንዳንዴ ያልተፈለገ ፕሮግራምም አስከትሎ ይገባል።

በዚያው ዘመን በዓለም ባንክ በሚደገፍ ፕሮጀክት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን የሚያድስና ቴክኒሻን የሚያሠለጥን ማዕከል ተቋቋመ። ከዚያም የማይታደሱትን የሚፈታ፣ ፕላስቲኩን ከብረቱ፣ ብረቱን ከሰርኪዩት ቦርዱ የሚለይ ተቋም እዚሁ አቃቂ ተከፈተ። በ2013 ፓን ኢትዮጵያና የጀርመኑ ኦኮ ኢንስቲትዩት ያወጡት ጥናት ብዙ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ተከማችቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። በ2018 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425ን አወጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ እናስብ። ከአንድ ዘመን ፋብሪካ አቃቂ ላይ የተሰበረ ጥርስ ቀርጾ ማሽን ያስነሳ ነበር። በሌላ ዘመን እዚያው አቃቂ ያልተሰበረ ማሽን ሊፈታ ይመጣል። መቼም የሚፈታው ሁሉ ጤነኛ ነበር አንልም፤ የተቃጠለውም፣ ውሃ የገባበትም አለ። ነገር ግን ከዚያ ክምር ውስጥ ብረቱ ሳይሞት ቋንቋው የሞተበት ስንት ነው? ጥርሱ ያልተሰበረ ማሽን ለመዳብና ለወርቁ ሲፈታ፣ የምናጣው ብረቱን ብቻ አይደለም። አንድ የቪዲዮ አዘጋጅ እንጀራውን የሚበላበትን መሣሪያ ነው።

የዛሬው ገበያ

ዛሬስ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ካርድ መግዛት ለብዙ ወጣት ሕልም ሆኗል። ያገለገለው ነው የሚሸጠው። እሱ ደግሞ ሦስት ዓይነት ታሪክ ይዞ ይመጣል።

አንደኛው ጡረታ የወጣው ነው። ኤንቪዲያ በ2018 የጂቲኤክስ 400 እና 500 ተከታታዮችን ከአዲስ ድራይቨር አስወጣ። በ2021 ተራው የ600ዎቹና የአብዛኞቹ 700ዎች ሆነ። በ2025 ደግሞ በገበያችን የተወደዱት 1050ና 1060ን የመሳሰሉ ካርዶች ከጥቅምት በኋላ የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ፣ እሱም እስከ ጥቅምት 2028፣ እንደሚያገኙ አስታወቀ። ኤኤምዲም በ2015 የኤችዲ 5000 እና 6000 ራድዮኖችን፣ በ2021 ደግሞ ብዙዎቹን የ7000 ተከታታዮች አሰናብቷል። ዊንዶውስ 10 ራሱ ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል።

ሁለተኛው ከማዕድን ጉድጓድ የወጣው ነው። መስከረም 15 ቀን 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ ቀረ። በዓለም ዙሪያ ለወራት ሌት ተቀን ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች ወደ ገበያ ጎረፉ። ብዙዎቹ፣ በተለይ እንደ አርኤክስ 470 እና 580 ያሉት፣ የበለጠ እንዲቆፍሩ ባዮሳቸው ተነካክቷል። የኤኤምዲ ድራይቨር ደግሞ የተነካካ ባዮስ ሲያይ ሥራ አልጀምርም ይላል። ሻጩ ሲቆፍርበት «ይሠራ ነበር» ማለቱ እውነት ነው፤ ገዢውም «አይሠራም» ማለቱ እውነት ነው። መጀመሪያ ላይ የጠየቅነው እንቆቅልሽ አንዱ ፍቺ ይኸው።

ሦስተኛው ስሙን የለወጠው ነው። የጂቲኤክስ 550 ቲአይ ቺፕ ላይ የ1050 ቲአይ ስም ጽፎ መሸጥ ዓለም አቀፍ ማጭበርበር ነው። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ የመመርመሪያ ፕሮግራም በ2018 እንዲህ ያሉትን ለይቶ «ሐሰተኛ» ብሎ መጻፍ ጀምሯል። ኦሪጅናሉን ድራይቨር ሲጭኑበት «ካርዱ አይገጥምም» ይላል። ልክ ነው፤ አስተርጓሚው የመጣው ለሌላ ሰው ነው።

ታታሪ ምርመራ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የምርመራው ቅደም ተከተል ራሱ ይወጣል።

በመጀመሪያ ብረቱን ከቋንቋው ለዩ። ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ፣ የማዘርቦርዱ ምልክት ሲታይ ጀምሮ ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ወይም መስመር ከተዘረጋ፣ ችግሩ በአብዛኛው የብረት ነው። ምንም ድራይቨር አያድነውም። እስከዚያ ድረስ ንጹሕ ሆኖ፣ ድራይቨር ከተጫነ በኋላ ብቻ ከተበላሸ ግን ገና ተስፋ አለ።

ቀጥሎ እውነተኛ ስሙን ጠይቁ። ተለጣፊውን አትመኑ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የሃርድዌር መለያ ቁጥሩ አለ፤ 10ዲኢ ካለ ኤንቪዲያ፣ 1002 ካለ ኤኤምዲ፣ 8086 ካለ ኢንቴል ነው። ከእሱ የሚቀጥለው ቁጥር የቺፑን ማንነት ይናገራል። ጂፒዩ-ዚ ያንኑ በግልጽ ያሳያል።

ከዚያ የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። ይህቺ ትንሽ ናት፤ ግን ብዙ ሰው ታደክማለች። አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል። ቀኑ ከተሳሳተ ድራይቨር የሚወርድባቸው ገጾች በደኅንነት ማረጋገጫ ምክንያት አይከፈቱም። ባትሪዋን መለወጥ ከካርድ መለወጥ ይረክሳል።

አራተኛ፣ የቀድሞውን ሹፌር አስወርዱ። ከዚህ በፊት ሌላ ካርድ የነበረው ኮምፒውተር የአሮጌው ድራይቨር ቅሪት አለበት። በሴፍ ሞድ ገብቶ ዲዲዩ በተባለው ማጽጃ ጠራርጎ ማውጣት ነው። በዚህ ጊዜ ኢንተርኔቱ ይነቀል፤ ዊንዶውስ በራሱ ጊዜ ሌላ ድራይቨር አምጥቶ እንዳይጭን።

አምስተኛ፣ «አዲሱን» ሳይሆን «የመጨረሻውን» ፈልጉ። ጡረታ ለወጣ ካርድ አዲሱ ድራይቨር አይረዳውም። የሚፈለገው ሠሪው ለዚያ ቺፕ የጻፈው የመጨረሻው ነው፤ ከሠሪው ገጽ እንጂ ካገኙት ቦታ አይወርድም። ዊንዶውሱ 32 ይሁን 64 ቢት ማየትም ግድ ነው፤ ኤንቪዲያ ከ390 ትውልድ በኋላ ለ32 ቢት ድራይቨር አላወጣም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኮድ 43 አልወርድም ካለ ባዮሱ ተጠርጣሪ ነው። አንዳንድ ካርድ ጎኑ ላይ ሁለት ባዮስ የሚያቀያይር ትንሽ ማብሪያ አለው፤ እሱን መሞከር ነው። ከሌለው ኦሪጅናሉን ባዮስ በሚያውቅ ሰው ማስመለስ ይቻላል። ያም ካልሆነ ቺፑ ራሱ ደክሟልና በጊዜ መለየት ይሻላል።

አንድ በር ደግሞ አለ። ኤኤምዲ ኤቲአይን በ2006 ከገዛ በኋላ በ2007 የካርዶቹን የቴክኒክ ሰነድ መልቀቅ ጀመረ። በዚህም ኩባንያው ራሱ የረሳቸው አሮጌ ራድዮኖች ዛሬም በሊኑክስ ላይ ሕያው ናቸው። ለኤንቪዲያ ደግሞ «ኑቮ» የተባለው ፕሮጀክት ቋንቋውን ያለ መጽሐፍ፣ ከውጭ ሆኖ በማዳመጥ ብቻ ለመማር ሞክሯል፤ ይሠራል፣ ግን አንካሳ ነው። ሰነድ ያለውና የሌለው ልዩነት እዚህ ላይ በዓይን ይታያል።

ሊብሬ የሌለው ካርድ

ታሪኩን አሳጥረን ስናየው ይህን ይላል፦ ቋንቋው ተጽፎ በተገኘበት ዘመን፣ ገንዘብም ኢንተርኔትም ሳይኖረን ስክሪኑን አማርኛ አስተማርነው። ቋንቋው ምስጢር በሆነበት ዘመን ብረቱ እጃችን ላይ ሆኖ የምንጠብቀው የሩቅ ሰው ቀጠሮ ነው። የካርዳችንን የሞት ቀን የሚወስነው ከኛ አንድም ሰው ያልተቀመጠበት ስብሰባ ነው። ያንን ስብሰባ እኛ መለወጥ አንችል ይሆናል። የራሳችንን ገበያ ግን እንችላለን።

ቃሊቲ ላይ ያገለገለ መኪና ያለ ሊብሬ የሚገዛ ጅል የለም። ሻንሲ ቁጥሩ፣ ሞተር ቁጥሩ፣ የሥራ ዘመኑ ሁሉ ይታያል። የብዙ ወር ቁጠባ የሚፈስበት ካርድ ግን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በ«ወንድሜ እመነኝ» ይሸጣል። ለምን? ምናለሽ ተራም ይሁን መርካቶ፣ እያንዳንዱ ካርድ ከአንዲት ወረቀትና ከአንዲት ፍላሽ ጋር ቢሸጥ ምን ይከብዳል? ወረቀቱ ላይ የቺፑ እውነተኛ ስም፣ የባዮሱ ቁጥርና ሠሪው ድጋፉን ያቆመበት ወይም የሚያቆምበት ቀን። ፍላሹ ላይ ለዚያ ካርድ የተጻፈው የመጨረሻ ድራይቨርና የኦሪጅናሉ ባዮስ ቅጂ። ሠሪው ነገ ገጹን ቢዘጋው እንኳ ሹፌሩ ከብረቱ ጋር አብሮ ይኖራል።

ይህን ለመጀመር የመንግሥት ደንብ አያስፈልግም። ጠንከር ያለ ቴክኒሻንና «ሊብሬው የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ይበቃል። ጠያቂው ሲበዛ ሻጩ ያዘጋጃል፤ ገበያ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ አቃቂ ለመፈታት የሚሄደው ካርድ በእርግጥ የሞተው ብቻ ይሆናል።